ሦስት ቃዳ

ሰኔ 23፣ 2010፣ ቅዳሜ

ዝናቡ ደምበጫ ላይ ያዘን፤ እስከ ፍኖተ ሰላም አልለቀቀም። አይሱዙው ከዋናው መንገድ ወዲያ አልገባም፤ በዚህ ወቅት ማንም አይገባም። እስከ ወንዙ በጋሪ፣ ከወንዙ ወዲህ በአህያና በሰው ጫንቃ። ፍራሹ በስብሷል። ቁምሳጥኑ መንገድ ዳር ሻይ ቤት አደራ ቀረ። ባለቤቷ «ለመስቀል ትወስዱታላችሁ» አለችን።

ልጄ ጋሪው ላይ እንቅልፍ ወስዶት መጣ።

እናቴ ገሳ ለብሳ ደጅ ላይ ጠበቀችን። ከስታለች። በስልክ ስንነጋገር ድምፅዋ ይህን አይናገርም ነበር።

ሰኔ 24፣ እሑድ

ሌሊቱን ቆርቆሮው ሲደበደብ አደረ። አጠገብ ለአጠገብ ተኝተን አንሰማማም። በጓዳው በኩል ያፈሳል፤ ባልዲ፣ ድስት፣ ሳፋ ተደረደረ። ልጁ ፈርቶ እኔ ዘንድ ገባ።

ጠዋት ጉም። ከጓሮው ማንጎ ወዲያ ምንም አይታይም።

ጎረቤት ሁሉ መጣ። ድንች፣ ጠላ፣ የዳጉሳ እንጀራ። «እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ» ይሉኛል። አንዲት እማሆይ እጄን ይዘው «በክረምት ቤት የሚለውጥ ምን ያሳደደው ነው?» አሉ። እናቴ ቀድማ መለሰች፦ «መሬት ነው ያስቸኮላት።» እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። የአዲስ አበባው የቤት ኪራይም አለበት፤ የልጁ አባትም አለበት።

ሰኔ 26፣ ማክሰኞ

በቤተ ክርስቲያን ቆጠራ ክረምት የገባው ዛሬ ነው፤ እስከ መስከረም 25 ይዘልቃል። እኛ ዘንድ ዝናቡ ቀድሟል።

መሬቱን ዞርኩት። ሦስት ቃዳ፣ ሄክታር ለመሙላት አንድ የጎደለው። አንዱ በቆሎ፤ የእናቴን መሬት የሚያርሰው አያ በግንቦት የዘራው፣ ከጉልበት ያለፈ። ሁለተኛው ለጤፍ እየታረሰ። ሦስተኛው እኩሌታው ዳጉሳ፣ እኩሌታው ለበርበሬ የተተወ። ጓሮው ውስጥ ማንጎ፣ ጥቂት ቡና፣ ጌሾ፣ ጎመን።

አያ ከሩቅ ሰላም አለኝ። በሬዎቹን አላቆመም። የሚያርሰው እኩል ነው፤ ምርቱን ከእናቴ ጋር ለሁለት ይካፈላል። በሬው አንድ። ከወንድሙ በሬ ጋር በመቀናጆ ነው የሚጠምደው።

ከልጅነቴ የማውቀው ሰው ነው። ዛሬ ምን ብዬ ላናግረው እንደሚገባ ጠፋኝ።

ሐምሌ 1፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሬዲዮ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ አስመራ ገብተዋል። ቤቱ በሰው ተሞላ፤ በዚህ ጎጥ ባትሪ ያለው የእናቴ ሬዲዮ ብቻ ነው። ወንዶቹ ያወራሉ። እማሆይ ዝም። በ1991 የሄደ ልጃቸው ከኤርትራው ጦር ሜዳ አልተመለሰም። መጀመሪያ «አጥፉልኝ» አሉ። ጠፋ። ቆየት ብለው «መልሱት» አሉ። እስከ መጨረሻው ሰሙ።

ከሰዓት በኋላ በረዶ፣ ለአጭር ጊዜ። በቆሎው ቅጠሉ ተቀዳደደ። ይነሣል ይላሉ።

ሐምሌ 5፣ ሐሙስ

ጾመ ሐዋርያት ተፈታ። ቁርስ ላይ እርጎ፣ ከዚያ በርበሬ ተከላ። ችግኙን ከመደቡ ነቅሎ፣ ሥሩን እንዳይደርቅ በእርጥብ ኬሻ ሸፍኖ፣ በመስመር መትከል። ዝናብ ላይ መሆን አለበት፤ ፀሐይ ከወጣ ይጠወልጋል። ሴቶች ነን ሁላችንም። ወንፈል ነው፤ የእነሱን ቀን እኔ እከፍላለሁ። ወገቤ አልቀና አለ። ከእኔ በዕድሜ የሚበልጡት ሲተክሉ እያወሩ ነው።

የጃቢ ጠህናንና የቡሬ በርበሬ አዲስ አበባ ገበያ ላይ በስሙ ይጠራል። እዚያ ሳለሁ ገዝቼ፣ ቀንጥሼ፣ አስፈጭቻለሁ። ጭቃ ውስጥ እንዲህ ተጎንብሶ እንደሚጀመር እናቴ ነግራኝም ነበር፤ መስማትና መጎንበስ ግን ለየቅል።

አያ በመስመሮቹ መካከል ውሃ መውረጃ ፈሰስ አወጣልን። ውሃ ከተኛበት በርበሬ ከሥሩ ይበሰብሳል። ማንም ሳይጠይቀው ነው የሠራው።

ሐምሌ 7፣ ቅዳሜ

ሥላሴ። መሬት አይነካም። መንገዱ እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ፤ በኮንጎ ጫማ ቤተ ክርስቲያን ደርሰን ተመለስን።

ከሰዓት በኋላ እናቴ ሣጥኑን ከፈተች። አረንጓዴው የይዞታ ደብተር። ፎቶዋ ላይ ወጣት ናት፤ ሻሿን ወደ ግንባሯ አውርዳ ፎቶ አንሺውን በጥርጣሬ ታየዋለች።

መሬቱ የደረሳት በ1989ኙ ሽግሽግ ነው። ገመዱን አስታውሳለሁ። ሰዎች እየለኩ ችካል ሲመቱ እኛ ልጆች እየተከተልን እንሮጥ ነበር። አባቴ ሞቶ ነበር። ሴት በራሷ ስም መሬት ስታገኝ ማየት ለጎጡ አዲስ ነገር ሆነ። እናቴ ያን ቀን እልል ማለት ፈልጋ እንዳፈነችው ዛሬ ነገረችኝ። ያፈነችው ከጎኗ የቆሙት ሰውዬ እያለቀሱ ስለነበር ነው።

በደርግ ጊዜ በቀበሌ የሠሩትን «ቢሮክራት» አሏቸው። ሌላው ገበሬ እስከ ሦስት ሄክታር ይዞ መቆየት ሲችል ለእነሱ ጣሪያው አራት ቃዳ፣ አንድ ሄክታር ሆነ። የቀረው ለመሬት አልባ ተለካ። የአያ አባት «ቢሮክራት» ተባሉ። የእኛ ሦስት ቃዳ የተቆረጠው ከእሳቸው ላይ ነው።

ጎጡ በሙሉ ያውቀዋል። ጽፌው ግን አላውቅም። ተጽፎ ሳየው ሌላ ነገር ሆነብኝ።

ሐምሌ 12፣ ሐሙስ

ተምች። አምና አገራችን የገባው፣ የአሜሪካው። በቆሎው አናት ውስጥ ይደበቃል፤ የሚታየው እንደ ሰጋቱራ የረጠበ ኩሱ ነው። ጠዋት በብርዱ፣ ፀሐይ ሳይሞቅ ነው የሚለቀመው። ቅጠሉን ፈልቀቅ፣ በሁለት ጣት ያዝ፣ ጨፍልቅ። ግንባሩ ላይ ዋይ የምትባለዋ የፈረንጅ ፊደል ተገልብጣ ተጽፋለች። ልጁ ይህን ካሳየሁት በኋላ ከሁላችንም በላይ ለቃሚ ሆነ።

እናቴ አመድና አፈር ቀላቅላ አናቱ ላይ ትነሰንሳለች። የግብርና ባለሙያው መልቀሙን አጥብቆ መክሯል። መድኃኒት የረጩም አሉ። የትኛው እንደሚያዋጣ እርግጠኛ የሆነ ሰው አላገኘሁም።

አያ በእናቴ ድርሻና በእሱ ድርሻ መካከል ልዩነት አያደርግም። ገና ስላልተካፈለ ይሆናል። ከዚያ በላይም ይመስለኛል። የመስመሩን ጫፍ ሲደርስ ቀና ብሎ ማሳውን ያይና ወደሚቀጥለው ይገባል። አባቱ ያረሱት ማሳ ነው።

ሐምሌ 19፣ ሐሙስ

ገብርኤል። ጠዋት ሬዲዮው የዓባይ ግድቡን ሥራ አስኪያጅ፣ የኢንጂነር ስመኘው በቀለን ሞት አወጀ። መስቀል አደባባይ፣ መኪናቸው ውስጥ። ሰው ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣ ቆሞ ቀረ። ሴቶች ደረታቸውን መቱ።

ከዚህ ወደ ላይ፣ ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ነው። እዚህ የሚፈሰው ወንዝ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ዓባይ ይገባል። የእናቴ የግድቡ ቦንድ ወረቀት ከመሬት ደብተሩ ጋር በአንድ ላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ዛሬ አውጥታ አየችው፤ መልሳ ጠቀለለችው።

ሥራ የለም። ዝናብ የለም። ደመናው እዚያው ቆሞ ዋለ።

ሐምሌ 24፣ ማክሰኞ

ጤፍ ተዘራ። ማሳው አስቀድሞ በከብት ተረገጠ፤ ልጆች ከብቱን እያዞሩ፣ እየዘፈኑ፣ እየወደቁ። አፈሩ ጠበቅ ካላለ ዘሩ ይሰምጣል፣ አረሙም ይቀድመዋል። ዘሩ ቁንጮ ነው፤ ደብረ ዘይት ምርምር በ1998 ያወጣው፣ ነጩ።

አያ ዘሩን በተነ። ክንዱ ሲዞር ምንም አይታይም፤ ጤፍ በአየር ላይ አይታይም። ሞፈሩን ለመጨበጥ ጠየቅሁ። እናቴ «ሴት አታርስም» አለች፣ ቁርጥ አድርጋ። አያ ለእሷም ለእኔም አላደላም። «እታለም፣ በመኸር ጊዜ ማጭዱ አለልሽ» አለ።

ማታ ሳስበው ጥያቄው ሌላ ነው። ለመኖር ከመጣሁ፣ በሦስት ቃዳ ልጅ ላሳድግ ካሰብኩ፣ እኩሌታው አይበቃኝም። በሬ ገዝቶ፣ ሰው ቀጥሮ ማሳረስ ይቻላል። ይህን ማድረግ ማለት መሬቱን ከዚያ ቤት ለሁለተኛ ጊዜ መውሰድ ነው።

ነሐሴ 2፣ ረቡዕ

ፍልሰታ ገብቷል። ልጁ ሆዱን አመመው፤ ሌሊቱን ስመላለስ አደርኩ። የምንጩ ውሃ ቡናማ ሆኗል። ውሃ አጋር ጨምረን፣ አጥልለን፣ አፍልተን። ዛሬ ጥሬ ሽምብራ እንዲቆላለት ለመነ፤ ደህና ነው ማለት ነው።

ኔትወርክ ለማግኘት ጉብታው ላይ ወጣሁ። የልጁ አባት ደወለ። «ጭቃው እንዴት ነው?» አለኝ። ስለ ሌላ አልጠየቀም። መቼ ትመለሻለሽ ቢል ምን እንደምል አላዘጋጀሁም ነበርና ባለመጠየቁ ቀለለኝ፤ ከዚያ ከፋኝ።

ነሐሴ 9፣ ረቡዕ

ዝናቡ የጀመረው ቀትር ላይ ነው። ከላይ ያለው ጎረቤት ፈሰሱን በእኛ ጤፍ አቅጣጫ ከፍቶታል። ጎርፉ አፈሩን ገሽልጦ፣ ገና የበቀለውን ጤፍ ጠርጎ ወሰደው። የማሳው ጫፍ ቀይ ድንጋይ ብቻ ሆኖ ቀረ። እየጮህኩ ወጣሁ፤ የሚሰማኝ የለም።

አያ በዶማ ግድብ ሠርቶ ውሃውን ወደ ድንበሩ መለሰው። እስከ ወገቡ ርሷል። ከጎረቤቱ ጋር ተጨቃጨቁ፣ ዱላ እስከማንሣት ደረሱ። ሽማግሌዎች ገቡ። ፈሰሱ በድንበሩ በኩል በጋራ እንዲቆፈር ተፈረደ።

ሽምግልናው ላይ ጎረቤቱ ለአያ የወረወረው ቃል፦ «ለማን መሬት ነው የምትሞተው?»

አያ መልስ አልሰጠም። እኔ ተገኝቻለሁ፤ እኔም አልመለስኩም።

ነሐሴ 13፣ እሑድ

ቡሄ። እናቴ ሙልሙል ጋገረች። ልጆች ከቤት ቤት ሲጨፍሩ ልጄም አብሯቸው ዞረ፤ የአዲስ አበባውን ዜማ ያውቃል፣ የእነሱን ሲማር ዋለ። ጅራፍ የገመደለት የአያ ልጅ ነው። ማታ ድረስ ጉብታው ላይ ሲያጮሁ ሰማን።

ፀሐይ ወጣ። ልብስ፣ ፍራሽ፣ በርኖስ፣ ሁሉም አጥር ላይ።

ነሐሴ 21፣ ሰኞ

በርበሬው በአንድ ጥግ እየጠወለገ ነው። ነቅዬ አየሁት፤ ሥሩ ጠቁሯል። ፈሰሱ ያልደረሰበት ጥግ። የቀረው አብቧል። እናቴ «ከመቶ ሃያ ለእግዜር» ትላለች፤ ጎመኑንም ዶሮውንም እንዲሁ ነው የምትቆጥረው። እኔ አልቻልኩበትም፤ የሞተውን ሁሉ እየዞርኩ አያለሁ።

ከቡሬ ነጋዴዎች በርበሬ በማሳ ላይ እያለ ሊዋዋሉ መጥተዋል ተባለ። እናቴ አትዋዋልም። ቀልቶ፣ ደርቆ፣ ተመዝኖ።

ነሐሴ 28፣ ሰኞ

መሬት አስተዳደር ቢሮ። ረጅም ወረፋ፣ እርጥብ ወንበር። መሬት አይሸጥም፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40። እናቴ ግን ይዞታዋን በስጦታ ለልጇ ማስተላለፍ ትችላለች። ሠራተኛው ወጣት ነው፣ ቁጡ አይደለም። «በግብርና ነው የምትተዳደሪው? እዚሁ ትኖሪያለሽ?» አለኝ። የሚሞላ ቅጽ ነው፤ ሌላ ትርጉም አልነበረውም። «አዎ» አልኩ። አፌ ፈጥኖ ነበር፤ ወጥቼ ግን አላፈርኩበትም።

ቅጹን አልፈረምንም። እናቴ «ከአያ ጋር ሳንነጋገር?» አለች። ስንመለስ በመንገድ ላይ ምንም አልተነጋገርንም።

ጳጉሜ 3፣ ቅዳሜ

ሩፋኤል። ዘነበ። ልጆች ሁሉ ራቁታቸውን ወጡ፤ ልጄ መጀመሪያ አፈረ፣ ከዚያ ወጣ። እናቴ በገበታ ተቀብላ ሊጡ ላይ ጨመረች፤ ዓመቱን ሙሉ በረከት ይሆናል።

ለልጁ የትምህርት ቤት ምዝገባ ጠየቅሁ። በእግር ሩቅ ነው፣ ወንዙን መሻገር አለበት። የአያ ልጅ አብሮት ይሄዳል።

በቆሎው እሸት ደርሷል። የመጀመሪያውን ጠብሰን በላን። ተምቹ የነካው ጫፍ ጫፉ ነው፤ ቆርጠን ጣልነው።

ጳጉሜ 5፣ ሰኞ

ጓዳው ተጠረገ፣ ቄጤማ ታጨደ። ጤፉ የተጠረገበትን ጫፍ ከሩቅ አየሁት፤ የቀረው ጥሩ አረንጓዴ ነው።

አያ ለነገ የሚሆን የማገዶ እንጨት ተሸክሞ መጣ። ለበቆሎ ሸልቀቃው ወንፈል ስንት ሰው እንደምንጠራ ጠየቀ። ስድስት አልኩ። አሥር ያስፈልጋል አለ። ለማን ለማን እንደምንልክ በስም ቆጠርን። ስለሚመጣው ዓመት እርሻ አልጠየቀም፤ እሱ እስኪያነሣው መጠበቅ ተገቢ እንዳልሆነ ግን ገብቶኛል።

ከእናቴ ጋር ተስማማን። በቅዱስ ዮሐንስ ማግስት ሁለታችንም እነ አያ ቤት እንሄዳለን። አባቱ በሕይወት አሉ፤ ደብተሩን ይዘን። ምን እንደምንል ገና አልተስማማንም። እናቴ አንድ ቃዳ ለእነሱ በቋሚነት በኮንትራት ይታሰር ትላለች። እኔ እኩሉ እንዳለ ይቀጥል፣ በርበሬውን ብቻ ለእኔ ልያዝ እላለሁ። ለልጁ በቂ ይሁን አይሁን እያሰላሁ ነው፤ አሁንም አልገጠመልኝም።