ጥቁሩ ሻሽ

ሴትዮዋ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ሲኒማ ቤት የገባችው ጥቁር ሻሿን ሳታወልቅ ነው፤ ልጆቿ ጎትተዋት። የወንድሟ አርባ ገና መውጣቱ ነው። ጊዜው ኅዳር 2015፤ ስልኳ ጥቅምት 23 ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመውን የሰላም ስምምነት ዜና ሲያዘንብባት ሰንብቷል።

ፊልሙ «ብላክ ፓንተር፦ ዋካንዳ ፎርኤቨር» ነው። 161 ደቂቃ ይፈጃል። በመጀመሪያው ፊልም የዋካንዳን ንጉሥ የተጫወተው ቻድዊክ ቦዝማን እ.ኤ.አ. በ2020 በ43 ዓመቱ በአንጀት ካንሰር አርፏል። ዳይሬክተሩ ራያን ኩግለር ሌላ ተዋናይ አልተካበትም፤ ንጉሡን ቀበረው እንጂ። የማርቭል አርማ እንኳ የቦዝማንን ምስሎች ይዞ ያለ ድምፅ አለፈ።

ቀብሩ ላይ ሁሉም ነጭ ለብሷል።

«እዩ፣ ነጠላ መሰለ!» አለች ጮክ ብላ፣ ያለችበትን ረስታ።

መጨረሻ ላይ የንጉሡ እህት የሐዘን ልብሷን አቃጠለች። ሴትዮዋ ግን ሻሿን አጥብቃ አስራ ወጣች። ሙት ዓመቱ ገና ነው።