ሰባተኛዋ ክር

እስቲ ቡናው እስኪፈላ ስለ ጊታር እንጫወት። ያለሁት ስቶክሆልም ነው። እዚህ ታኅሣሥ ሲገባ ፀሐይ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ማታው ረጅም ስለሆነ ሰዉ እጁን የሚያፍታታበት ሥራ ይፈልጋል። ስዊድኖች ከመቶ ዓመት በላይ ያቆዩት የጥናት ክበብ የሚባል ልማድ አላቸው፤ ማታ ማታ ተሰብስበው አንዱ ቋንቋ ይማራል፣ ሌላው ሸክላ ይሠራል፣ ጣውላ ልጎ ጊታር የሚሠራም አለ። እኔን የያዘኝ ይኸኛው ነው። ሐሳቤ ደግሞ ክላሲካል ጊታር ሠርቼ በስድስቱ ክሮች ላይ ሰባተኛ መጨመር ነው።

አንድ መቃኛ ተክሎ አንድ ክር መወጠር ይመስላል አይደል? ነገሩ እንዲያ አይደለም። የተለመደው ክላሲካል ጊታር አንገቱ ጫፉ ላይ ወደ 52 ሚሊሜትር ይሰፋል። በዚህ ስፋት ሰባት ክር ከደረደርን ጣት አንዷን ሲጫን ጎረቤቷን ይነካል፤ ስለዚህ አንገቱ 60 ሚሊሜትር ገደማ መሆን አለበት። ከዚያ ጉልበቱ አለ። የተቃኘች አንዲት ክር ከስድስት እስከ ስምንት ኪሎ ያህል ትስባለች፤ ስድስቱ ተደምረው አርባ ኪሎ ይጠጋሉ። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ከሁለት ሚሊሜትር ተኩል ብዙም የማይወፍር የፊት ጣውላ ነው። ክር በጨመርን ቁጥር ጣውላውን ከውስጥ የሚደግፉትን ቀጫጭን እንጨቶች ማጠንከር ይኖርብናል። ካበዛነው ጣውላው መንቀጥቀጡን ትቶ ጊታሩ ዲዳ ይሆናል፤ ካሳነስነው ደግሞ በጊዜ ብዛት ሆዱ ይነፋል። ለዚህ ነው በስድስት ክር የታሰበ ጊታር ላይ ሰባተኛ መለጠፍ የማይቻለው። ሰባት ክር ያለው ጊታር ገና እንጨቱ ሲመረጥ ጀምሮ ባለ ሰባት ነው።

ይህን ጠንቅቆ ያወቀ ሰው በዚሁ በስቶክሆልም ነበር፤ ጌኦርግ ቦሊን (1912–1993) ይባላል። የቤት ዕቃም የሚሠራ፣ የእንጨትን ጠባይ ያጠና ሰው ነው። በ1960ዎቹ ጊታሪስቱ ፔር-ኦሎፍ ዮንሶን አንድ ችግር ይዞለት መጣ። ከጊታር በፊት አውሮፓ ውስጥ የነገሠው ሉት የሚባለው መሣሪያ ነው፤ ባኽን ጨምሮ ብዙዎች ጽፈውለታል። ያ ሙዚቃ በስድስት ክር ሲመጣ ባሱ ይቆረጣል፣ ዜማው ከቦታው ይነሣል። ቦሊን አሮጌውን ሉት ገልብጦ አልሠራም። አልቶ ጊታር የተባለ አዲስ መሣሪያ ሠራ። አሥራ አንድ ክር አለው፤ ስድስቱ ከተለመደው ጊታር ሦስት ግማሽ ድምፅ ከፍ ብለው ይቃኛሉ፣ የቀሩት አምስት የባስ ክሮች ደግሞ በአብዛኛው ሳይጫኑ በአውራ ጣት ብቻ ይመታሉ። የዮንሶን ተማሪ የነበረው ዮራን ሶልሸር በ1978 ፓሪስ ላይ ዓለም አቀፍ የጊታር ውድድር አሸንፎ ይህንኑ ጊታር በየአገሩ አሰማው። የባኽን ሥራዎች በእሱ የቀዳበትን ቅጂ ፈልጋችሁ ስሙ፤ ባሱ ሲወርድ ጉድ ትላላችሁ።

ከተማዋ ራሷ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለችም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የቤተ መንግሥቱ መሣሪያ ሠሪ ማቲያስ ፔተር ክራፍት ከአንገቱ ጎን ተጨማሪ ባሶች ያሉት የስዊድን ሉት ይሠራ ነበር። ሩሲያ ውስጥ አንድሬ ሲህራ ባለ ሰባት ክር ጊታርን አስፋፍቷል፤ ፈረንሳዊው ናፖሊዮን ኮስትም በሰባት ክር ተጫውቷል። ብቻዬን ያበድኩ እንዳይመስላችሁ ነው ይህን ሁሉ የምቆጥረው።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የስፔናዊው ናርሲሶ ዬፔስ ነገር ነው። በ1964 ማድሪድ ውስጥ ጊታር ሠሪውን ራሚሬዝን ባለ አሥር ክር ጊታር አሠራው። ጊታር ላይ ላን ወይም ሚን ስትመቱ ያልተነኩት ክሮች አብረው ይርገበገባሉ፤ ሌሎች ድምፆች ግን አጃቢ ስለሌላቸው ደርቀው ይቀራሉ። ዬፔስ አራቱን ተጨማሪ ክሮች የቃኛቸው አሥራ ሁለቱም ድምፆች እኩል አጃቢ እንዲያገኙ አድርጎ ነው። እነዚያ ክሮች ባይመቱም ሥራ ላይ ናቸው።

ይህን ሳነብ ሐሳቤ ወደ በገና ሄደ። የእኛም በገና አሥር አውታር አለው፤ ሁሉም ግን አይደረደሩም። የተወሰኑት ጣት መትቶ የሚያርፍባቸው ናቸው። በገና ደርዳሪ ሲጫወት እጁን ልብ ብላችሁ እዩ፤ ጣቱ አየር ላይ አይንከራተትም፣ መትቶ የሚጠብቀው አውታር ላይ አረፍ ይላል። አድማጭ የማይሰማውን አውታር ለተጫዋቹ እጅ ብሎ መጨመር ትልቅ ጥበብ ነው እላለሁ፤ የመሣሪያ ሥራ ትምህርት ቤቶቻችን በሰፊው ሊያስተምሩት የሚገባ ነገር ነው።

ታዲያ ሰባተኛዋን በምን ልቃኛት? ጊታር ከወፍራሟ ክር ሲጀመር ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ነው። ሰባተኛዋን ከሁሉም በታች ሬ ላደርጋት ነው። ከዚያ ሶልን በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጌ ፋ ሻርፕ አደርጋታለሁ፤ የድሮ የሉት ሙዚቃ በጊታር የሚጫወቱ ሰዎች የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው። አሁን ሰባቱን ተመልከቱ፦ ሬ፣ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ፋ ሻርፕ፣ ሲ፣ ሚ። የተደጋገሙትን ብትተዉ ሬ፣ ሚ፣ ፋ ሻርፕ፣ ላ፣ ሲ ይቀራሉ፤ ሬ ላይ የቆመ ሜጀር ትዝታ! ግራ እጅ ምንም ሳይጫን ቀኝ እጅ ክሮቹን ቢዳብስ ትዝታ ይወጣል። በስድስት ክር ወፍራሟን ሚ ወደ ሬ ማውረድ ይቻላል፤ ግን ያን ጊዜ የታችኛው ሚ ይጠፋል። በሰባት ክር ሁለቱም በእጃችን ናቸው።

የፊቱን ጣውላ በስፕሩስ እሠራዋለሁ፤ ብርዱ ቀስ ብሎ ስለሚያሳድገው እዚህ አገር ጥሩው ይገኛል። ለጀርባውና ለጎኑ የተመኘሁት ግን በገናና ከበሮ የሚሠሩበትን ዋንዛ ነው። ለጊታር ጎን በእሳት የሚታጠፍ፣ ዓመታት ጥላ ሥር የደረቀ፣ ጉጥ የሌለው መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ዋንዛ ያለው የምታውቁት አናጺ ካለ እባካችሁ ጠቁሙኝ።