8 እና 8 አራት ሲሆን

እናንተ ፊዚክስ ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ "ቲቸር፣ ይሄ ሲሪስና ፓራለል ምን ያደርግልናል?" ትሉኝ ነበር አይደል? ሰሞኑን መልሱ ቤቴ ድረስ መጣ።

አንድ የድሮ ተማሪዬ ጊታር ይጫወታል። ዋሽንግተን ያለው አጎቱ ለዓመታት የሠራበትን ፌንደር ትዊን ሪቨርብ አምፕሊፋየር ላከለት፤ የ1970ዎቹ ዕቃ፣ ባለ ቲዩብ። ክብደቱ 30 ኪሎ ገደማ ነው። አውሮፕላን ላይ አንድ ሻንጣ ከ23 ኪሎ አይለፍ ስለተባለ ሁለቱን ስፒከሮች ፈትተው ለብቻ አመጡለት። እዚህ አንድ ጠጋኝ መልሶ ገጠመለት። ድምፁ ግን ደከመ። ልጁ ደውሎ "ቲቸር፣ ቅዳሜ ሥራ አለኝ፣ ቮልዩሙን እስከ መጨረሻ ልልቀቀው?" አለኝ።

"እንዳትነካው! ይዘኸው ና።"

አጥፍተን፣ የስፒከሩን ገመድ ነቅለን በቴስተር ለካን። 13 ኦም። ልብ በሉ፣ 8 ኦም የተባለ ስፒከር በቴስተር 6 ወይም 7 ነው የሚያሳየው፤ ቴስተሩ የሽቦውን ሬዚስታንስ ብቻ ስለሚለካ ነው። 8 የሚባለው ድምፅ ሲያልፍበት ያለው ኢምፔዳንስ ነው። እንግዲህ 13 ካነበብን ሁለቱ ባለ 8 ስፒከሮች በሲሪስ ታስረው 16 ሆነዋል። ይሄ አምፕ ደግሞ የተሠራው ለ4 ኦም ነው፤ 8 እና 8 በፓራለል። ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ሠርተናታል!

በጠጋኙ አልፈርድም። በየቀኑ እጁ ላይ የሚገባው የትራንዚስተር ዕቃ ነው፤ እሱ ላይ ኦም ሲበዛ ድምፅ ይቀንሳል እንጂ የሚቃጠል የለም። የሚያቃጥለው ኦም ሲያንስ ነው። ቲዩብ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ቲዩቦቹ የሚሰጡት ከፍተኛ ቮልቴጅና ትንሽ ከረንት ነው፣ ስፒከር የሚፈልገው ተቃራኒውን። መሐላቸው ገብቶ የሚያስታርቃቸው ትራንስፎርመር ነው። አራቱ 6ኤል6 ቲዩቦች ወደ 2000 ኦም ይፈልጋሉ። 2000 ለ4 ሲካፈል 500፤ የ500 ስኩዌር ሩት 22 ገደማ፣ እሱ የጥቅልሎቹ ሬሾ ነው። አሁን 4ቱን በ16 ተኩት፤ ቲዩቦቹ የሚያዩት 8000 ሆነ። በዚህ ላይ ቮልዩም ሲለቀቅ ትራንስፎርመሩ ላይ የሚነሳው ቮልቴጅ ከልክ ያልፍና የሽቦውን ሽፋን ሊበሳው ይችላል። እጥፍ ልዩነት ብዙ ጊዜ ይችለዋል፣ አራት እጥፍ ግን ቁማር ነው። የባሰው ደግሞ ያለ ስፒከር መጫወት ነው። (ፌንደሮች ይህን ፈርተው ዋናው የስፒከር መሰኪያ ባዶ ሲሆን ራሱን ሾርት እንዲያደርግ ሠርተውታል። ብልሆች!) ያ ትራንስፎርመር አንዴ ከተቃጠለ የአጎቱን ዕቃ ምን ሊያደርገው ነው?

ጥገናው አሥር ደቂቃ አልፈጀም፤ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ። ቴስተሩ 3.2 አለ። ዕቃው የአሜሪካ ስለሆነ ከ220 ወደ 120 ቮልት በሚቀንስ ትራንስፎርመር ነው የምናበራው፤ ይቺንም እንዳትረሷት። ስንከፍተው ልጁ ዝም ብሎ አንድ ኮርድ መታና ሳቀ።

ግን ከስፒከሮቹ አንዱ በመንገድ ተቀዶ ኖሮ ያንኮራፋል። 12 ኢንች፣ 8 ኦም፣ ቢያንስ 75 ዋት የሚችል ስፒከር ያላችሁ በውስጥ መስመር አናግሩኝ። ባለ 4 ኦም የመኪና ስፒከር አይሆንም። ለምን እንደማይሆን ኮሜንት ላይ አስልታችሁ አሳዩኝ፤ አርማለሁ።