ጎባ የከፈለ ሮቤ ሲወርድ

ዛሬም ጎባ ድረስ ከፍዬ ሮቤ መናኸሪያ ወረድኩ። ረዳቱ «መጨረሻ ነው፣ ውረዱ» አለ፤ ዝናቡ እየጣለ። ጎባ የምንሄደው አምስት ስድስት ሰዎች ትኬታችንን አወጣን። «ሚኒባስ ሞልቷል፣ በዚያ ቀጥሉ» ብሎን ጣሪያ ላይ ወጣና ገመድ መፍታት ጀመረ። መጀመሪያ የወረደችው የአንዲት እናት ጆንያ ናት። ጭቃ ላይ፣ ዱብ! ከሻሸመኔ ጀምሮ አጠገቤ ተቀምጠው የመጡት ሀጂ ከዘራቸውን እየፈለጉ «ልጄ፣ ድሮ እኮ ሮቤ የምንወርደው ውሃ ሽንት ለመሽናት ነበር» አሉኝ። መኪናው በሙሉ ሳቀ፤ ሮቤዎቹም ጭምር።

ሀጂ እውነታቸውን ነው። ባሌ ከሐረርጌ ተለይታ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ጠቅላይ ግዛት ስትሆን ከተማዋ ጎባ ነበረች። የተሾመ፣ የተሻረ፣ የተከሰሰ፣ አቤት የሚል፣ ሁሉም ጎባ መድረስ ነበረበት። ዶዶላን፣ አዳባን፣ ዲንሾን አልፎ የሚመጣ መኪና ደግሞ መጀመሪያ የሚያገኘው ሮቤን ነው። ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወዲያ፣ ተራራው ሥር ናት። ቢሮው ጎባ እያለ ሮቤን የሚያልፋት እንጂ የሚያድርባት አልነበረም። ክፍለ ሀገር ቀርቶ ዞን ሲመጣ ቢሮው ሮቤ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ጎባ ሊደርስ 14 ኪሎ ሜትር ሲቀረው ጉዳዩን ጨርሶ ይመለሳል። ረዳት ይቅርና ሹፌሩስ ምን አስጨነቀው?

ኤርፖርቱ ብቻ ነው ያልካደን። ሰው «ሮቤ ኤርፖርት» ይበለው እንጂ ትኬቱ ላይ ያሉት ሦስት ፊደላት የኛ ናቸው፤ ጂ፣ ኦ፣ ቢ። እነሱን የሚነካ ከእኔ ጋር ተጣላ።

ሚኒባሱ ውስጥ «አንድ ሰው ብቻ የቀረው!» እየተባለ ስንጠብቅ አንድ የአዲስ አበባ ልጅ በቲሸርት ገባ። ጥርሱ ይንገጫገጫል። «ባሌ ቆላ መስሎኝ» አለ። ኧረ በፈጠራችሁ! ይህን ስንቴ እንስማው? ሶፍ ዑመርን በቴሌቪዥን ያየ ሁሉ ባሌን በረሃ ያደርጋታል። ጎባ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። አዲስ አበባ ከእኛ በታች ናት፣ ጌቶቼ።

ገና ሰነቲን አላየህም አልኩት። ልጅ ሆኜ ከአጎቴ ጋር በጭነት አይሱዙ ደሎ መና ወርጃለሁ። ከጎባ ወጥታችሁ ትንሽ ስትሄዱ መንገዱ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትሩን ይዞ ከጎን ቆሟል። ጉም። ጅብራው በጉሙ ውስጥ ሰው መስሎ ይቆማል። ዳገቱ ላይ ረዳቱ ታኮ ይዞ ከኋላ ጎማው ጎን ይሮጥ ነበር፤ ሞተሩ ሲያቃስት ድንጋዩን ሸጎጥ፣ መኪናው ሲነሳ አንስቶ ሩጫ። በዚያ ብርድ ላብ ያጠመቀው እሱን ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ቀይ ቀበሮ አየሁ። አጎቴ «ውሻ ነው» አሉ። ቀይ ቀበሮ ነው! ውሻ ነው! ሀረና ጫካ ገብተን ሙቀቱ ጋቢያቸውን እስኪያስወልቃቸው ተከራከርን። የባሌ ተራሮች ፓርክ በመስከረም 2016 በዩኔስኮ ሲመዘገብ ደወልኩላቸው፦ «እንኳን ደስ አለዎት ጋሼ፣ ውሻዎ የዓለም ቅርስ ሆነ።» ስልኩን ዘጉብኝ።

ምን እያልኩ ነበር? ሚኒባሱ። አዎ።

ከፊቴ አንዲት እርጉዝ ከእናቷ ጋር ተቀምጣለች፤ ከሮቤ ወደ ጎባ ሆስፒታል። መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ራሱ ሮቤ ተቀምጦ ሆስፒታሉ ጎባ ነው። ከኋላዬ ጎባ እያደረ ሮቤ የሚሠራ ሰው፣ እቅፉ ሙሉ ፋይል። ሮቤ ስትታመም ጎባ ትመጣለች፤ ጎባ ማህተም ስትፈልግ ሮቤ ትወርዳለች። ልጁ ጎባ ይወለድና ጉዳዩ ሮቤ ይንከራተታል።

ደግሞ ሮቤን ምን አደረገች ልበላት? ሜዳ ላይ ናት። የሲናና ስንዴ በዙሪያዋ ነው፤ የጊኒርም የአጋርፋም መንገድ ከእሷ ይነሳል። እኛ ከጀርባችን ተራራ ነው፤ ወዴት እንስፋ? ከተማ እንደ መኪና ነው፣ ሜዳ ይወዳል። ይህን አምኜ ከተቀበልኩ ቆየሁ። ቢሮው ይመለስ ያለ የለም። የከፈልኩበት ድረስ አድርሱኝ ነው ያልኩት! የቀረችውን 14 ኪሎ ሜትር በልታችሁብኝ፣ ለሚኒባስ እንደገና አስከፍላችሁኝ፣ ሀጂን በዝናብ አቁማችሁ፣ ጭራሽ «መልካም ጉዞ» ትሉናላችሁ?

ሮቤዎች፣ ኮሜንት ላይ እንዳትወርዱብኝ። ሚስቴ የሮቤ ልጅ ናት፤ የሚበቃኝን ቤት ውስጥ ሰምቻለሁ።