ገመና ሳይወጣ መመከር፦ የኦንላይን የሥነ ልቦና ምክር በጨፋ ሮቢትና በከሚሴ

የኦንላይን የሥነ ልቦና ምክር አማካሪና ተገልጋይ በአካል ሳይገናኙ፣ በቪዲዮ፣ በድምፅ ወይም በጽሑፍ በቀጠሮ የሚያካሂዱት ሥራ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንዴ ይደረጋል፤ አንዱ ቀጠሮም አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከወዳጅ ጋር ከሚደረግ ጭውውት የሚለየው በሦስት ነገር ነው። ዓላማው አስቀድሞ ይወሰናል፤ የተነገረው በምስጢር ይጠበቃል፤ አማካሪው በነገሩ ውስጥ ዝምድናም ሆነ ወገን የለውም። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ለሚገኙት ለጨፋ ሮቢትና ለከሚሴ ነዋሪ ከሦስቱ ትልቁ ምስጢሩ ነው። ሁሉ በሚተዋወቅበት ከተማ ውስጥ በጤና ተቋም በር ላይ መታየት ብቻ ወሬ ይሆናል፤ «ምን ነካት?» የሚለው ጥያቄ ከታማሚዋ ቀድሞ ቤት ይገባል።

ውጥረት በራሱ በሽታ አይደለም። ሰውነትና አእምሮ ለውጥን ለመሸከም የሚያወጡት ጉልበት ነው፤ የሚጎዳው ሳያርፍ ሲደራረብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ቶማስ ሆምስና ሪቻርድ ራሂ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ አእምሮ ሐኪሞች 43 የሕይወት ለውጦችን በክብደታቸው ደረደሩ። የትዳር ጓደኛ ሞት 100፣ ፍቺ 73፣ ጋብቻ ደግሞ 50 ነጥብ ተሰጣቸው። ሠርግ በዝርዝሩ መግባቱ ደስታም ሸክም እንዳለው ያሳያል።

የዚህ አካባቢ ሰው የሚሸከማቸው አንዳንድ ለውጦች ግን በዚያ ዝርዝር ውስጥ የሉም። የዓረብ አገር ስደት አንዱ ነው። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተባርረው ሲመለሱ፣ የወሎ ልጆችም በመካከላቸው ነበሩ። ተመላሿ ቤተሰብ ስትጠብቀው የኖረውን ገንዘብ ሳትይዝ ትገባለች፤ ያየችውን ለእናቷ መናገር ደግሞ ይከብዳታል። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢው የደረሰው ግጭት፣ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ከሚሴ የደረሰው ጦርነት፣ በጨፋ ሸለቆ ከብት የሚያረቡ ሰዎች ከድርቅ ጋር የሚገቡት ትግልም በዚያው ላይ ይጨመራሉ። እንዲህ ያለውን ሸክም ሰዉ «ጭንቀት» ብሎ ብቻ አይገልጸውም፤ «ልቤን ከበደኝ»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ»፣ «ሐሳብ በዛብኝ» ይላል። ጥሩ አማካሪ መነሻ የሚያደርገው እነዚህን ቃላት ነው።

በስልክ የሚሰጠውን ይህን የኦንላይን አማራጭ ያመጣው የባለሙያ እጥረትና ርቀት ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ከዚያ ወዲህ አገልግሎቱ ወደ ክልሎች ቢሰፋም፣ በንግግር የሚያክሙ ባለሙያዎች አሁንም በትልልቅ ከተሞች ይበዛሉ። ከከሚሴ አዲስ አበባ ደግሞ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በየሳምንቱ ለአንድ ሰዓት ምክር መመላለስ ለገበሬም ለነጋዴም አይሆንም።

ሥራው የሚጀምረው በመተዋወቅ ነው። በመጀመሪያው ቀጠሮ አማካሪው ችግሩ መቼ እንደጀመረ፣ እንቅልፍና ምግብ እንዴት እንደሆኑ፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ እንዳለ ይጠይቃል። ቀጥሎ ግብ ይወሰናል። «ደህና ልሁን» የሚለው ሰፊ ነው፤ «ሌሊት አምስት ሰዓት እንድተኛ»፣ «ገበያ ስወጣ ልቤ እንዳይመታ» የሚለው ሊሠራበት ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው አጭር መርሐ ግብር የሥራውን ቅርጽ በግልጽ ያሳያል። አምስት ሳምንታዊ ቀጠሮዎች አሉት፤ ሥልጠናና ክትትል ያላቸው፣ የሥነ ልቦና ሙያተኛ ያልሆኑ ሰዎችም ሊሰጡት ይችላሉ። መጀመሪያ በዝግታ መተንፈስ ይለመዳል። ቀጥሎ ችግሮች «ሊፈቱ የሚችሉ» እና «ሊፈቱ የማይችሉ» ተብለው ይለያሉ፤ ሊፈታ የሚችለው ይመረጥና በትንሽ በትንሹ ይሠራበታል። በስደት የተቀማን ደሞዝ ማስመለስ ካልተቻለ፣ የአንድ ዕዳ አከፋፈል ግን ሊታቀድ ይችላል። ከዚያ ሰውየው የተዋቸውን ሥራዎች እንዲጀምር ይደረጋል፤ ጉልበት የሚመጣው ከተነሡ በኋላ ነውና። አራተኛው የሚያግዙትን ሰዎች ማጠናከር ሲሆን፣ መጨረሻው ችግሩ ሲመለስ ምን እንደሚደረግ ማዘጋጀት ነው።

በስልክ ሲሆን አንዳንድ ነገር ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቀዳሚው ቦታ ነው። ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ክፍል በሚኖርበት ቤት ኢርፎን ብቻ አይበቃም፤ የሚናገረው ድምፅ ይሰማልና ጓሮ፣ የዛፍ ጥላ ወይም ሰው የማይገባበት ሰዓት አስቀድሞ ይፈለጋል። ሁለተኛው ቋንቋ ነው። ቤቱ ኦሮምኛ የሚናገር ሰው በአማርኛ ጉዳዩን ያስረዳ ይሆናል፤ ሐዘኑ ግን በእናቱ ቋንቋ ይወጣል፤ ስለዚህ ሁለቱንም የሚችል አማካሪ ይመረጣል። ሦስተኛው ኔትወርክ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ በቪዲዮ ላይ ብቻ የተመሠረተ ግንኙነት እንደማይዘልቅ ታይቷል። መስመሩ ሲጠፋ በተራ ስልክ ወይም በሌላ ቀን ለመቀጠል አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል። አራተኛው የምስጢር ዋስትና ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ያስገባዋል። ተገልጋይም የሙያ ፈቃድን፣ ማስታወሻ የት እንደሚቀመጥ፣ ውይይቱ እንደማይቀዳ መጠየቅ መብቱ ነው።

ስልክ የማይበቃበት ጊዜም አለ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ፣ የሌለ ድምፅ መስማት ከተጀመረ ወይም ሰውየው በቤቱ ውስጥ የሚደበደብ ከሆነ፣ በአካል የሚደርስ እርዳታ ያስፈልጋል። ስለዚህ አማካሪው ገና በመጀመሪያው ቀን ተገልጋዩ የት እንዳለ፣ የቅርብ ሆስፒታሉ የትኛው እንደሆነ፣ በችግር ጊዜ የሚጠራው ዘመድ ማን እንደሆነ ይመዘግባል።

ምክሩ የአገሩን ወግ አይተካም። ወሎ የአበጋር ሽምግልና፣ የወዳጃ ዱዓ፣ ከአቦል እስከ በረካ የሚዘልቅ የቡና ስብስብ አለው። እነዚህ ሰውን ከሰው ጋር ያስተሳስራሉ፤ በሰው ፊት የማይነገረውን ግን አይጠይቁም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ምሳሌ እውነት ነው፤ ሆኖም ያልደበቀ ሰው የሚነግረው ገመና ጠባቂ ያሻዋል። አማካሪው የሚሞላው ይህንን ክፍተት ነው። የመርሐ ግብሩ አራተኛ እርምጃ ሰውየውን ወደ ቡናው፣ ወደ ዱዓው፣ ወደ ዘመዶቹ እንዲመለስ መገፋፋቱም ለዚህ ነው።

ሥራው የሚያበቃው ችግር ሁሉ ሲጠፋ አይደለም። እንቅልፍ ሲመለስ፣ የመጀመሪያው ግብ ሲደረስበት፣ ቀጠሮው ከሳምንት ወደ ሁለት ሳምንት፣ ከዚያም ወደ ወር ይራራቃል። በመጨረሻው ቀጠሮ ተገልጋዩ የክፉ ቀን ምልክቶችን፣ የሠሩለትን ዘዴዎችና የሚጠራቸውን ሰዎች ስም በወረቀት ይይዛል። ከዚያ በኋላ መስመሩ ቢጠፋም ዘዴው በእጁ አለ።