ወደ ሰው አገር፣ ወደ ሰው ቤት ለምትሄደው ልጄ

ደባርቅ፣ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል፣ ብርዱም ከስሜን ተራሮች፣ ከጨነቅ በኩል እንደ ልማዱ መውረድ ጀምሯል፤ እናትሽ በሶውን አስፈጭታ ከጨረሰች በኋላ አሁን ሻንጣሽ ይችለዋል አይችለውም እያለች ከእኔ ጋር ትከራከራለች።

የጀርመን ቪዛ መፈቀዱን ከነገርሽን ቀን ጀምሮ ስለ ገንዘብም፣ ስለ ባልንጀራም፣ ስለ ቤተ ክርስቲያንም በየተራው ልመክርሽ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ብዕር ባነሣሁ ቁጥር አንድ ነገር ብቻ ሁሉን ገፍቶ ይቀድምብኛልና እርሱን እጽፋለሁ። ይኸውም ርቦሽም ሆነ አሞሽ «ደህና ነኝ፣ በቅቶኛል» የምትይው ልማድሽ ነው።

በእኛ ሥርዓት እንግዳ ማዕድ እንደ ቀረበለት ወዲያው እጁን ቢሰድድ ስስታም ስለሚባል፣ የቤቲቱም እመቤት «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» እያለች ሦስት ጊዜ ካልለመነችው ያስተናገደችው ስለማይመስላት፣ የእርሱ እምቢታ ለትሕትና፣ የእርሷም ልመና ለፍቅር እየተቆጠረ፣ በመጨረሻ እንግዳው ጠግቦ ይነሣል። በምትሄጅበት አገር ግን እምቢታው ቢኖርሽም ልመናው አይኖርም። አንድ ጊዜ ይጠይቁሻል፤ «አልፈልግም» ካልሽ ሳህኑን ያነሣሉ፤ ይህንም የሚያደርጉት ከንፍገት ሳይሆን የሰውን ቃል እንደ ተነገረ መቀበልን ጨዋነት አድርገው ስለያዙት ነው። አንቺ ሁለተኛውን ጥያቄ ስትጠብቂ ጦምሽን ታድሪያለሽ፤ እነርሱም ምግባችንን አልወደደችውም ብለው ቅር ይላቸዋል። ስለዚህ ልጄ፣ ከራበሽ በመጀመሪያው ጥያቄ «አዎን» በይ። የነቢያት ጾምም ኅዳር 15 ቀን ስለሚገባና የምትደርሺው በጾሙ ውስጥ ስለሆነ፣ ሥጋና ወተት የምትተዪው ስለ ሃይማኖትሽ እንጂ በመጥላት አለመሆኑን ከቤታቸው በገባሽበት ቀን ንገሪያቸው።

ስለ እምቢታሽ በጻፍኩ ቁጥር ልዑል ዓለማየሁ በሐሳቤ ይመላለሳል። አባቱ አፄ ቴዎድሮስ፣ ደጃዝማች ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም በ1847 ዓ.ም. የነገሡት፣ እናቱም የዚያው የስሜኑ ውቤ ልጅ እቴጌ ጥሩወርቅ ስለሆኑ፣ ልጁ በእናቱ በኩል የእኛው አገር ልጅ ነው። የአባቱ ምሽግ መቅደላ በ1860 ዓ.ም. በእንግሊዞች እጅ ሲወድቅ ገና 7 ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ሕፃን ነበረ፤ እናቱ ወዲያው በመንገድ በትግራይ ምድር ዐረፉ፤ እርሱም አማርኛ በሚያውቀው፣ ያገራችን ሰው ባሻ ፈለቀ በሚለው በካፒቴን ስፒዲ እጅ ባሕር ተሻገረ። ሕፃኑ በዚያ ሰው ላይ ተጣብቆ ሳለ የእንግሊዝ መንግሥት ለይቶ ወሰደውና ከአንዱ መምህር ቤት ወደ ሌላው፣ ከራግቢ ትምህርት ቤትም ወደ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ሲዘዋወር ኖረ። በኅዳር 1872 ዓ.ም. በሊድስ ከተማ በሳንባ ሕመም ተኝቶ ሳለ፣ መርዝ ሰጥተውኛል ብሎ በመጠርጠር መድኃኒቱን እምቢ ብሎ እንደ ነበር ይነገራል፤ በ18 ዓመቱም ዐረፈ። መቃብሩ በዊንድሰር ነው፤ አጽሙ እንዲመለስ አገራችን ብትለምንም እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ንግሥት ቪክቶሪያ ታዝንለት ነበር፤ ያስተማሩትም ሁሉ ክፉዎች አልነበሩም፤ እኔ ግን በዚያች አልጋ ላይ ሳለ የልቡን የሚነግረው አንድ ሰው እንኳ አልነበረውም እላለሁ።

አንቺ ግን ምርኮኛ አይደለሽም፤ በፈቃድሽ ሄደሽ በፈቃድሽ ትመለሻለሽ። የጀርመን ሕግም ከአንቺ ጋር ነው። እንደ አንቺ ኦ ፔር ሆና፣ ማለት ከቤተሰብ ጋር እየኖረች ልጆች ልትጠብቅ የገባች ልጅ ልጆቹን የምትጠብቅበትና በቤት የምታግዝበት ጊዜ በሳምንት ከ30 ሰዓት እንዳያልፍ፣ የጤና መድኅኗን ቤተሰቡ እንዲከፍል፣ ለኪሷም በወር 280 ዩሮ እንዲሰጣት ተደንግጓል። ስለዚህ ብታመሚ ሐኪም ዘንድ መሄድሽ መብትሽ እንጂ ለሰው ሸክም መሆን አይደለም። ከዚያች የኪስ ገንዘብ ለእኛ ቆርሰሽ እንዳትልኪ፤ እናትሽ ብትልክልን ትላለች ብለሽ ካሰብሽ እርሷንም ጠይቄያታለሁ፤ አትላክ ብላለች።

አክስትሽ ጎንደር ከሰው ቤት ተቀምጣ ስትማር፣ በየገበያው ቀን የሚመላለሱት ነጋዴዎች «ደህና ናት» እያሉ ወሬዋን ያደርሱን ነበር። አባቴም ደስ ብሎት ይመርቃቸው ነበር እንጂ ምን ትበላለች፣ የት ትተኛለች ብሎ አልጠየቀም። የቀረውን ታውቂዋለሽ። እኔም ያን ጊዜ እግሬ ጠንካራ፣ መንገዱም ክፍት ነበር። ስለ እርሷ በቤታችን የማይነገረው ስለተረሳ አይደለም። ብቻ እግዚአብሔር አንቺን ከዚያ ዓይነቱ ዝምታ ይጠብቅሽ፤ በሄድሽበት ሁሉ ሞገስ ይስጥሽ፤ እንደ ወጣሽ አያስቀርሽ።

ስለ ሌላው ነገር ብዙ የምለው የለኝም። ሰዓታቸውን አክብሪ፤ ቆሻሻውንም በየዓይነቱ ለይተው ስለሚጥሉ ከመጀመሪያው ጠይቀሽ ተማሪ፤ ፓስፖርትሽ ከእጅሽ አይውጣ። ልጆቹን እንደ ታናናሾችሽ ውደጂያቸው፤ ይህን እንኳ መናገር አያስፈልገኝም፤ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ስታዝዪ አይቼሻለሁና። አዲስ አበባ በጎቴ ኢንስቲትዩት ቋንቋውን ተፈትነሽ ያለፍሽው አንቺ ስለሆንሽ ስለዚያ አገር ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ቋንቋው ግን ዝም ለሚል ሰው አይጠቅመውምና ስሕተት ይሁንም አይሁን ተናገሪበት። የደረስጌዋ እመቤት በመንገድሽ ሁሉ ትከተልሽ፤ መልአከ ሰላም ከፊትሽ ይቅደም።

እሑድ ማታ ስትደውዪ ስልኩን ለእናትሽ ከመስጠቴ በፊት ራት ምን እንደ በላሽ እጠይቅሻለሁ። «ደህና ነኝ» እንዳትዪኝ፤ የምግቡን ስም በጀርመንኛም ቢሆን ንገሪኝ።

አባትሽ