ዓይን ሳይጨፈን

ጂንካ የደረስነው ሐምሌ ላይ፣ በዝናብ ነው። 12 የካምፓስ ልጆች፣ ሁለት ጆንያ ደብተርና እርሳስ፣ አንድ ከበሮ።

ለወንጌል ተልእኮ ነበር የወጣነው። እውነቱን ልንገራችሁ? እኔ ከቤት ሽሽት ነው የሄድኩት። እማዬ ጥቅምት ላይ ካረፈች ወዲህ መጸለይ አቅቶኛል። ኅብረት ላይ ሁሉም ዓይኑን ሲጨፍን እኔ የጣሪያውን ቆርቆሮ እቆጥራለሁ። አሜን ሲባል አሜን እላለሁ። ማንም አላወቀብኝም።

የተመደብነው ከከተማው ወጣ ያለ የአሪ ገበሬዎች መንደር ውስጥ ነው። ግቢው ሁሉ እንሰትና ቡና ነው። ያሳደሩን አባት ማታ ማታ የተቀቀለ ጎደሬ እያቀረቡልን ወንጌል ወደዚያ አገር እንዴት እንደመጣ ያጫውቱናል። በ1929 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ምክንያት ሚሲዮናውያኑ ወላይታን ለቀው ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ነበሩ። ጦርነቱ አልፎ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሕዝብ ጠበቃቸው። ከወላይታ አማኞች መካከልም ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው በእግራቸው ወደ ኦሞ አካባቢ የወረዱ፣ ቋንቋ ለምደው ዓመታት የኖሩ ወንጌላውያን ነበሩ። እኛ ደግሞ ለ14 ቀን፣ ያውም በመኪና! አፈርኩ።

የኔ ሥራ ልጆች ማስተማር ነበር። መዝሙር፣ ታሪክ፣ ጨዋታ፣ ብስኩት። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው፤ እነሱ ግን በባዶ እግራቸው ሲዘሉ ምድሩ ይንቀጠቀጣል። በሦስተኛው ቀን ድምፄ ተዘጋ። ልጆቹ በሹክሹክታ የምዘምር መስሏቸው ሁሉም በሹክሹክታ ዘመሩ። ከጥቅምት ወዲህ ሆዴን ይዤ የሳቅኩት ያን ቀን ነው።

አንዲት ልጅ ግን አትዘልም። ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው። ታናሽ ወንድሟን በነጠላ አዝላ ሁልጊዜ በሩ ጋ ትቆማለች። በስምንተኛው ቀን ከጸሎት በኋላ ቀስ ብላ መጣችና ለአስተርጓሚያችን የሆነ ነገር ነገረችው። ልጁ ሳቁን መያዝ አቃተው።

«ቲቸር ስንጸልይ ለምን ዓይኗን አትጨፍንም? እያለች ነው።»

ክው አልኩ። ጓደኞቼ ዘጠኝ ወር ሙሉ ያላዩትን!

«አንቺስ ጨፍነሽ ከነበር እንዴት አየሽኝ በላት» አልኩት።

ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ ወደ ጀርባዋ ጠቆመች። «እኔማ ሕፃን እጠብቃለሁ።»

በቃ፣ መልሷ ይኸው ነው። እንደኔ ተቀይማ አይደለም፤ አደራ ስላለባት ነው። እማዬ ትዝ አለችኝ። በአምልኮ ሰዓት እኛን ልጆቿን በአንድ ዓይኗ እየጠበቀች ነበር የምትጸልየው። ጸሎቷ ጎደለ ብዬ አስቤ አላውቅም።

በማግስቱ የመዝጊያ ጸሎት ሲደርስ እጄን ዘረጋሁ። «ስጪኝ፣ ዛሬ እኔ ልያዘው።» አመነታች፤ ከዚያ ፈትታ ሰጠችኝ። ሄዳ መሐል ከእኩዮቿ ጋር ቆመችና ዓይኗን ጥብቅ አድርጋ ጨፈነች። ፊቷ ላይ የነበረውን ደስታ ብታዩት!

ሕፃኑ ጭስ ጭስ ይሸታል፤ ከባድ ነው። ዓይኔን ክፍት አድርጌ፣ እሱን እያየሁ፣ «ጌታ ሆይ፣ እናቴ ናፍቃኛለች» አልኩ። ከዚያ በላይ ቃል አልመጣልኝም። ለምን እንደወሰዳት ዛሬም አልገባኝም። ግን ያቺ ዓረፍተ ነገር በዘጠኝ ወር ውስጥ የመጀመሪያዬ ነበረች፤ ከሷ በኋላም አላቋረጥኩም።

ሕፃኑስ? አሜን ሳይባል ሸናብኝ።